ማሳደርና ማሳደግ፦ ልጃችንን በታክሱ ላይ ማስገባት የሚገባው ማን ነው?

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከልጄ አባት ጋር በፍርድ ቤት ከተፋታን ሦስት ዓመት አልፎናል። እሱ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችን። የፍርድ ቤቱ ወረቀት የጋራ አሳዳጊዎች መሆናችንን ይናገራል፤ ስለ ታክስ ግን አንድም ቃል የለበትም። ልጅን በታክስ ላይ ያስገባ ወላጅ የሚከፍለው ታክስ ስለሚቀንስለት፣ ስንለያይ የሸመገሉን ሰዎች «ልጅቷን አንድ ዓመት እሱ፣ አንድ ዓመት እሷ በታክስ ላይ ያስገቧት» ብለውን ሁለታችንም እሺ ብለን ነበር። በቃል ነው፤ አልተጻፈም።

የ2024ን እሱ አስገባ። የ2025 የእኔ ተራ ነበር። ታክሴን ላሠራ ስሄድ የልጅቷ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሌላ ሰው ታክስ ላይ ገብቷል ተብሎ ተመለሰብኝ። ደወልኩለት። «ልጅቷ የምታድረው ይበልጡን እኔ ጋ ነው፤ ቀለብም የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ባለሙያ ጠይቄ ነው ያደረግሁት» አለኝ።

በነርስ ረዳትነት በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት እሠራለሁ። በእነዚያ ሌሊቶች ልጄ አባቷ ጋ ታድራለች፤ ጠዋት እሱ ትምህርት ቤት ያደርሳታል። በየሁለት ሳምንቱ አርብና ቅዳሜ ማታም እሱ ጋ ናት፤ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሦስት ሳምንት እሱ ጋ ትቆያለች። ትምህርት ቤት የተመዘገበችው ግን በእኔ አድራሻ ነው። ከትምህርት ቤት የምቀበላት፣ የማበላት፣ የቤት ሥራዋን የማሠራት፣ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። ገቢዬ በዓመት 34 ሺህ ዶላር ያህል ነው።

ታክስ የሚሠራልኝ ሰው «ቀድሞ ካስገባ አለቀ፤ ተይው» አለኝ። እህቴ ደግሞ «ክሰሺው» ትለኛለች። የልጄን አባት ለመንግሥት አሳልፌ መስጠት አልፈልግም። ቃሉን አፍርሶ ዝም ማለትም ልቤ እሺ አላለኝም። ልጄ ኩሽና ውስጥ በተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ አባቷ ጋ በምታድርባቸው ቀናት ኮከብ ትለጥፍ ነበር። በስልክ ስንጨቃጨቅ ከሰማችን ወዲህ መለጠፉን ትታዋለች። ምን ላድርግ?

የተጨነቀች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መጀመሪያ የተናደድኩት በልጅሽ አባት ላይ አይደለም፤ «ቀድሞ ካስገባ አለቀ» ባለሽ ሰው ላይ ነው። ይህ አባባል ስንት እናትና አባት መብታቸውን ትተው እንዲቀመጡ እንዳደረገ ሳስብ ያንገበግበኛል። እውነት አይደለም። ኮምፒውተሩ የመለሰብሽ ቁጥሩ ቀድሞ ስለገባ ብቻ ነው፤ ማን ትክክል እንደሆነ የመረመረ ሰው የለም። አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ከ2025 ጀምሮ የልጁ ቁጥር በሌላ ሰው ታክስ ላይ ቢገባም እንኳ፣ ሁለተኛው አስገቢ አይፒ ፒን የሚባለውን ባለ ስድስት አኃዝ የማንነት መጠበቂያ ቁጥር ከጨመረበት በኮምፒውተር ይቀበላል። ቁጥሩን በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የራስሽን መዝገብ ከፍተሽ ታወጪዋለሽ። ያ ባይሆንልሽ ወረቀቱን ፈርመሽ በፖስታ መላክ ትችያለሽ። ስለዚህ ጉዳዩ አላለቀም።

ቀጥሎ የምነግርሽ ግን ደስ ላይልሽ ይችላል። የአሜሪካ የታክስ ሕግ ወላጆች ሲለያዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሌሊት ያደረው ማን ጋ ነው? ማን አለበሰ፣ ማን አስተማረ፣ ማን ቀለብ ቆረጠ አይልም። በእኛ ቋንቋ ማሳደግና ማሳደር በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ሕጉ የሚቆጥረው ማሳደርን ነው። ዓመቱ 365 ሌሊት ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ እኩል አይካፈልም። 183 ሌሊት ያሳደረ ወላጅ 182 ያሳደረውን ይበልጣል። እንደ 2024 ባለ 366 ቀን ዓመት እኩል ቢመጣ ደግሞ ገቢው ከፍ ያለው ወላጅ ያገኛል።

አሁን ቁጭ ብለን የአንቺን እንቁጠር። በሳምንት ሦስት ሌሊት በ52 ሳምንት 156 ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሌሊት ሲጨመር 208። ትምህርት ሲዘጋ የምትቆይባቸው ሦስት ሳምንታት ገና አልተደመሩም። እህቴ፣ የልጅሽ አባት «ይበልጡን እኔ ጋ ነው የምታድረው» ያለው ውሸት አይደለም። ይህን በቅድሚያ ብትቀበዪው ቀሪውን ንግግር ያቀልልሻል።

ነገር ግን እሱም፣ ያማከረው ባለሙያም ያለፉት አንድ አንቀጽ አለ፤ ለአንቺ ዓይነት ሰው የተጻፈ የሚመስል አንቀጽ። አንድ ወላጅ የሌሊት ሥራ ስለሚሠራ ብቻ ልጁ ሌሊቱን ሌላው ወላጅ ጋ የሚያድር ከሆነና ቀኑን ግን ይበልጡን ከሌሊት ሠራተኛው ጋር የሚውል ከሆነ፣ ሕጉ ሌሊቱን ትቶ ቀኑን ይቆጥራል፤ አሳዳሪ ወላጅ የሚለውም የሌሊት ሠራተኛውን ነው። ትምህርት ባለበት ቀን ደግሞ ልጁ የሚቆጠረው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ዋና መኖሪያ ተብሎ በሰፈረው አድራሻ ነው። በሜሪላንድ ትምህርት በዓመት 180 ቀን ነው። እነዚያ ቀናት በአንቺ አድራሻ ይቆጠራሉ። ትምህርት በሌለባቸው ቀናት ከአንቺ ጋር የምትውልባቸውን ስትጨምሪባቸው ግማሹን ዓመት በሰፊው ታልፊያለሽ። በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ሲሠሩ የሚያድሩ ስንት ወገኖቻችን አሉ! ስለዚህ አንቀጽ የሰማ ሰው ግን እስከ ዛሬ እምብዛም አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። እሱ ሌሊቱን ቆጥሯል፤ አንቺ ቀኑን ታውቂያለሽ። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ያንገበገበሽ ገንዘቡ ነው፣ ወይስ ተራሽን ሳይነግርሽ መውሰዱ? ደውሎ «ዘንድሮ ጨንቆኛልና ልውሰደው» ቢልሽ ኖሮ ምን ትይው ነበር? ሌላም ልጨምር። በሳምንት ሦስት ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በዚያ በተጨናነቀ ቤልትዌይ ልጅቷን ሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ይህን አመስግነሽው ታውቂያለሽ? የበደለሽን ነገር ለማሳነስ አይደለም የምጠይቅሽ። የተፋቱ ሰዎች ሲደዋወሉ የጎደለውን ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው።

ስለ ቀለቡ ያለው ግን ስሕተት ነው። ቀለብ ከከፋዩ ታክስ ላይ አይቀነስም፤ በተቀባዩም ላይ ገቢ ሆኖ አይቆጠርም። ልጁን በታክስ ላይ ለማስገባትም መብት አይሰጥም። ይህን ብዙ አባቶች ከልባቸው ያምኑታል፤ በየወሩ ከደመወዛቸው ሲቆረጥ ስለሚያዩት አልፈርድባቸውም።

የሽማግሌዎቹ ነገርስ? ስምምነቱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ነገር ግን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ጽሑፉም ራሱ የታወቀ ነው፤ ቅጽ 8332 ይባላል። አሳዳሪው ወላጅ ፈርሞ «የዘንድሮውን ለእሱ ለቅቄያለሁ» የሚልበት ወረቀት ነው። ከ2008 ወዲህ በተሰጠ የፍቺ ውሳኔ ላይ «አባት ያስገባ» የሚል ቃል ቢኖር እንኳ አይአርኤስ ያለዚህ ቅጽ አይቀበለውም። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እናንተን ያስራል፤ መሥሪያ ቤቱን ግን አያስረውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ለሁለታችሁም መንገድ ስለማይ ትንሽ ታገሺኝ። በነገርሽኝ ገቢ ልጅቷ በ2025 ታክስሽ ላይ ስትገባ ሦስት ነገር ታገኛለሽ። አንደኛው የልጅ ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ልጅ ላለው ሰው ከታክሱ ላይ የሚቀነስለት ገንዘብ ነው፤ እስከ 2,200 ዶላር። ሁለተኛው ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሠራተኞች የሚሰጠው፣ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለው ነው፤ ለአንድ ልጅ ጣሪያው 4,328 ዶላር ሲሆን በአንቺ ገቢ ግን ወደ 2,600 ይወርዳል። ሦስተኛው «የቤተሰብ ኃላፊ» ተብለሽ መመዝገብሽ ነው። ከታክስ ነፃ የሚሆንልሽ ገቢ ለብቸኛ ሰው ከተፈቀደው 15,750 ዶላር ወደ 23,625 ከፍ ይላል፤ ለአንቺ ይህ የ900 ዶላር ያህል ልዩነት ነው። ሲደመር ከ5,700 ዶላር አያንስም። ስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቅጽ 8332 ብትፈርሚለት የሚያልፈው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱና የቤተሰብ ኃላፊነቱ በምንም ፊርማ አይተላለፉም፤ ከአሳዳሪው ወላጅ ጋር ይቀራሉ። ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ቃል አክብራችሁ በየሁለት ዓመቱ 2,200ውን ብትለቂለት እንኳ ቀሪው 3,500 ዶላር በየዓመቱ የአንቺ ነው። ሽማግሌዎቹ «አንድ ዓመት እሱ፣ አንድ ዓመት እሷ» ሲሉ ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ አንቺን ብሆን የዘንድሮውን በሙሉ ወስጄ ለሚቀጥለው ዓመት ቅጹን እፈርምለት ነበር። ተራው ተመልሶ ይገባል፤ ሁለታችሁም ሕጋዊ ትሆናላችሁ።

እንዴት ትጀምሪ? በመጀመሪያ ቆጠራውን ሥሪ። ያ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ተጠንቀቂ። ካላንደሩ በእኛ ወር ነው የሚሄደው፤ የታክሱ ዓመት ግን ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። የ2025 ታክስ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። ሁለት ካላንደር ያስፈልግሻል። ልጅቷ በሌለችበት አንድ ማታ ተቀምጠሽ ሁሉንም በደብተር ገልብጪ፤ የሠራሽባቸውን ሌሊቶች ለብቻ፣ የቅዳሜና እሑዱን ለብቻ፣ የዕረፍቱን ለብቻ ጻፊ። ያልሆነ ቀን እንዳትጨምሪ። ጥርጣሬ ያለሽን ለእሱ ስጪ።

ከዚያ ወረቀት ሰብስቢ። ከትምህርት ቤቱ የልጅቷን አድራሻና የአንቺን ስም የያዘ ደብዳቤ፣ ከሐኪሟ መዝገብ፣ ከአሠሪሽ ደግሞ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምትሠሪ የሚያስረዳ ደብዳቤ። ይህ የመጨረሻው ለአንቺ ከሁሉም ይበልጣል፤ ልጅቷ እዚያ የምታድረው በሥራሽ ምክንያት መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ይህን ይዘሽ ወደዚያ ታክስ ሠሪ አትመለሺ። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በነፃ ታክስ የሚሠሩ ቪታ የሚባሉ የበጎ ፈቃደኞች ማእከላት አሉ። ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ላለባቸው ደግሞ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቆሙ የግብር ከፋዮች የሕግ ክሊኒኮች አሉ። የአንቺ ጉዳይ የሌሊት ሥራው አንቀጽ ስላለበት ከመፈረምሽ በፊት ክሊኒኩ ቢያየው እመርጣለሁ። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው፤ ካልደረሰልሽ እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘሚያ ጠይቂ። በችኮላ አትግቢበት።

ከማስገባትሽ በፊት ግን ንገሪው። በስልክ አይሁን፤ ስልክ ላይ ሁለታችሁም ትጮኻላችሁ፤ ልጅቷም ትሰማለች። ጻፊለት። እንዲህ ብትይው ምን ይመስልሻል?

«እንደምን ነህ? በሥራ ሌሊቶቼ ልጃችንን ስለምታሳድርልኝና ጠዋት ስለምታደርስልኝ አመሰግናለሁ፤ ይህን ከዚህ በፊት አልነገርኩህም። የታክሱን ነገር ጠይቄ ተረዳሁ። ሌሊቱን ስንቆጥር አንተ ትበልጣለህ፤ ነገር ግን በሌሊት ሥራ ምክንያት ልጃቸውን ሌላው ወላጅ ጋ ለሚያሳድሩ ወላጆች ሕጉ ቀኑን ነው የሚቆጥረው። ቆጠራዬን ልኬልሃለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርመው። ታክስህን አስተካክለህ ብታስገባ ለሚቀጥለው ዓመት ቅጽ 8332 ፈርሜ እሰጥሃለሁ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ የእኔን አስገባለሁ፤ ድንገት እንዳይደርስብህ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርህ።»

ከሸመገሏችሁ አንዱን፣ ሁለታችሁም የምትሰሙትን፣ ይህን መልእክት አሳይተሽ መላክም ትችያለሽ። አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ዘመድ አዝማድ አይሰብሰብበት።

እሺ ካለ የሚያደርገው ቀላል ነው። ቅጽ 1040 ኤክስ በሚባለው ማሻሻያ ልጅቷን አውጥቶ የወሰደውን ይመልሳል። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ ከአይአርኤስ ጋር በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይችላል። እምቢ ካለ ደግሞ አንቺ ያንቺን ታስገቢያለሽ። ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ ለሁለታችሁም ሲፒ 87ኤ የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። «ይህን ልጅ ሌላ ሰውም አስገብቶታል፤ ተሳስተህ ከሆነ አስተካክል፤ ካልተሳሳትክ ምንም አታድርግ» የሚል ነው። ደብዳቤው ሲደርስሽ አትደንግጪ፤ ክስ አይደለም። ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ ማስረጃ በፖስታ ይጠየቃል፤ የሰበሰብሽው ወረቀት ያኔ ነው የሚያስፈልግሽ።

«የልጄን አባት አሳልፌ ልስጥ ወይ?» ብለሽኛል። ይሉኝታሽ ይገባኛል፤ ክፉ ነገርም አይደለም። ግን እስኪ አስቢው። የራስሽን ታክስ በእውነት መሙላት ማንንም መክሰስ አይደለም። እሱን የሚጎዳው ዝምታሽ ነው። ዘንድሮ ተሳስቶ ያስገባውን ቶሎ ቢያርም የሚመልሰው ገንዘቡንና ትንሽ ወለድ ነው። ስሕተት መሆኑን እያወቀ በየዓመቱ ቢቀጥልና ቢደረስበት ግን ቅጣት ይጨመርበታል፤ ሕጉን በግዴለሽነት ጥሷል ከተባለም እነዚህን ክሬዲቶች ለሁለት ዓመት እንዳይጠይቅ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመሽ መንገርሽ ለእሱም ውለታ ነው። የ2024ን ነገር ግን እኔ ብሆን አልቀሰቅሰውም። ተራው ነበር፤ ተስማምተሽ ነው የተውሽው።

አንድ ነገር በተለይ አደራ። ቅጽ 8332 ላይ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚፈረምበትና ለሚመጡት ዓመታት ሁሉ የሚፈረምበት ክፍል ለየብቻ አለ። አንቺ የአንዱን ዓመት ብቻ ፈርሚ። ለሁልጊዜ የፈረመች እናት ሐሳቧን ብትለውጥ መሻር ትችላለች፤ ነገር ግን ሽረቱ የሚሠራው ለአባትየው ካስታወቀችበት ቀጥሎ ካለው ዓመት ጀምሮ ነው። የፈረምሽውን ሁሉ ግልባጩን አስቀሪ። የሥራ ሰዓትሽ ወደ ቀን ከተለወጠ ደግሞ ቆጠራው ሁሉ ይለወጣልና እንደ አዲስ ተነጋገሩ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ያ ካላንደር ከግድግዳው አይውረድ። በደብተርሽ ከገለበጥሽ በኋላ እንደነበረ ይቆይ። ስለ ገንዘቡ ልታስረጂያት አትሞክሪ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚያ ውስጥ የምትሰማው «በእኔ ምክንያት» የሚለውን ብቻ ነው። ይልቅስ ሰኞ ማታ ወደ አባቷ ልትሸኛት ቦርሳዋን ስታዘጋጂ ኮከቦቹን አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪላትና «የዛሬውን አልለጠፍሽም» በያት። ባትለጥፍም አትጫኛት። እሱም ሲያደርሳት መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚላት ነገር አለና፣ ስትጽፊለት ይህን የኮከቡን ነገር ጨምሪበት። ምናልባት አልሰማ ይሆናል።

ቆጠራውን ስትጨርሺ ምን ላይ እንደደረስሽ ጻፊልኝ።